መዳብ የሌለበት ሰማያዊ

ሰማያዊ ድንጋይ ያየ አዋቂ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መዳብን ነው። ምክንያትም አለው። አዙራይት የሚባለው ደማቅ ሰማያዊ ማዕድን የሚፈጠረው ከምድር በታች ያለ የመዳብ ክምችት ወደ ላይ ቀርቦ ዝናብና አየር ሲያገኘው ነው፤ ከጎኑም ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ማላካይት አይጠፋም። ማዕድን ፈላጊዎች ገደል ላይ እንዲህ ያለ የሰማያዊና የአረንጓዴ እድፍ ካዩ ቆም ብለው መዶሻቸውን ያወጣሉ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች አዙራይትን እየፈጩ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ቀብተውበታል፤ በጣም ከላመ ስለሚገረጣ ሸከር አድርገው ነበር የሚፈጩት። ግብፆች ደግሞ ከእነሱ እጅግ ቀድመው አሸዋን፣ ኖራንና መዳብን በምድጃ አንድ ላይ አቃጥለው ሰው ሠራሽ ሰማያዊ ቀለም አውጥተዋል። ቱርኩዊዝም ሰማያዊ የሆነው በመዳብ ነው። ከፔሩ ተራሮች የሚወጣው ሰማያዊ ኦፓል እንኳ ቀለሙን ያገኘው በውስጡ ከተበተነ የመዳብ ማዕድን ነው።

እንግዲህ ከወሎ ደጋ፣ ከደላንታ ገደል፣ ሲያገላብጡት ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ እሳት የሚረጭ ድንጋይ ሲወጣ፣ እዚህም መዳብ ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅ ወግ ነው። መልሱ የለም ነው። ታዲያ ሰማያዊው ከየት መጣ? ነገሩ ረጅም ነው፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ይጀምራል።

ለጋምቦ ውስጥ፣ አቀስታ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚያስብ ሰው ደላንታ ሩቅ አገር አይደለም። ለጋምቦ ሲያልቅ ተንታ ነው፤ ተንታ ሲያልቅ የበሸሎ ወንዝ፤ ከበሸሎ ማዶ ደላንታ። ሩቅ የሚያደርገው ገደሉ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ወደ ደሴ ዞሮ፣ በኩታበር በኩል አድርጎ ነው የደላንታ ከተማ ወገል ጤና የሚገባው። የደላንታ ሜዳ እንደ እኛው ደጋ ብርዱ የከፋ፣ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት፣ ለጥ ያለ አገር ነው። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ግን መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ በታች በደርብ በደርብ የተነባበረ የአለት ግድግዳ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ጥቁሩ ደርብ፣ ነጣ ያለው ደርብ፣ ደግሞ ጥቁር። ይህን ድርድር ለማየት የጂኦሎጂ ትምህርት አያስፈልግም፤ ከማዶ ቆሞ ማየት ይበቃል።

በ1860 ዓ.ም. ይህን አገር ሁለት ጦር አቋርጦታል። አስቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እያስጠረጉ፣ ዋድላንና ደላንታን አልፈው መቅደላ ገቡ። ከዚያ የእንግሊዙ ጀኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ተነሥቶ መጣ፤ ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድም ተጠቀመበት። በሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ከናፒየር ጦር ጋር ግን ለመዋጋት ያልመጣ አንድ ሰው ነበር፤ ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ ይባላል። የሕንድ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሲሆን፣ ሥራው ጦሩ በሚሄድበት ሁሉ አለቱን፣ ወፉንና አውሬውን መመዝገብ ነበር። ሰው መድፍ ሲቆጥር እሱ ደርብ ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

ብላንፎርድ ያየውን በ1870 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በመጽሐፍ አሳተመ። የሰሜን ኢትዮጵያን የእሳተ ገሞራ አለት ለሁለት ከፍሎ ታችኛውን የአሸንጌ፣ ላይኛውን የመቅደላ ቡድን ብሎ ሰየመው። መቅደላ የሚለው ስም በጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ለጦርነቱ መታሰቢያ ሳይሆን ለድንጋይ። ከላይኛው ቡድን ውስጥ ከጥቁሩ ባዛልት ጋር እየተፈራረቀ የሚታየውን ነጣ ያለ ደርብም ልብ ብሏል። ለእኛ ታሪክ ዋናው ያ ነጣ ያለው ደርብ ነው። ኦፓሉ ያለው በዚያ ዓይነት አለት ውስጥ ነውና። ዜናው ግን ዓለም ገበያ የደረሰው ከ140 ዓመት በኋላ ነው።

በመካከሉ ሳይንስ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጥቁሩ የደጋችን አለት ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሮ በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ ናቸው። መልሱ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚል ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው ፍጥነቱ ነው፦ አንዳንድ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ይህ ሁሉ አለት አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ውስጥ ነው። ለሰው አንድ ሚሊዮን ዓመት የማያልቅ ነው፤ ለምድር ግን የአንድ ሌሊት ሥራ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ደረጀ አያሌው፣ እዚያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የሚያስተምሩት፣ ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ነጣ ያለው ደርብ ጻፉ። ይህ ደርብ እንደ ባዛልቱ ፈስሶ የረጋ አይደለም። ተራራ ሲፈነዳ አመድ፣ ጋዝና የተፈረካከሰ ድንጋይ አንድ ላይ ሆነው እንደ ደመና ምድር ለምድር እየተንከባለሉ ሄደው የሚረጉት ነው፤ ኢግኒምብራይት ይሉታል። ያጠኗቸው ናሙናዎች ከተሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ ወገል ጤና ነበር። ልብ በሉ፤ ኦፓሉ ከመሰማቱ ከስድስት ዓመት በፊት የወገል ጤና አለት ላቦራቶሪ ገብቶ ተፈጭቷል፣ ዕድሜውም ተለክቷል። ጥያቄያቸው እሳተ ገሞራው ከየት መጣ የሚል ነበርና መልሱን አገኙ። የከበረ ድንጋይ ፍለጋ አልነበሩም። ይህን የምለው ለትችት አይደለም፤ አንድ ገደል ስንት ዓይነት ዓይን እንደሚፈልግ ለማሳየት ነው።

ኦፓል ራሱ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ፣ በመዘዞ ስም የታወቀ ኦፓል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ቡናማ፣ ቸኮሌት የመሰለ፣ በድንጋይ ቅርፊት ውስጥ እንደ ኳስ የተቀመጠ ነው። ሲሰበር ውስጡ ያበራል። በ1994 እና በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጂሞሎጂ ተቋም መጽሔት ጽፎለታል። ግን አንድ መጥፎ ዐመል ነበረበት፦ ይሰነጠቃል። ዛሬ ቀለበት ላይ ያበራው ድንጋይ ከወራት በኋላ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ነጋዴ አንዴ ከተቃጠለ አይረሳም፤ የኢትዮጵያ ኦፓል ስሙ በገበያው ላይ ጎደፈ። ቀጥሎ የመጣው ድንጋይ ይህን ዕዳ ተሸክሞ ነው የመጣው።

ቀጥሎ የመጣውም በ2008 እ.ኤ.አ. ከደላንታ ነው። ያገኙት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ለዚህ ግኝት ማዕድን ኩባንያ ቀዳዳ አልቆፈረለትም፤ አውሮፕላንም አልዞረበትም። ገደሉ ጫፍ ላይ የሚውል፣ ፍየል ሲያመልጠው ተከትሎ የሚወርድ ሰው የሚያየውን የመኪና መንገድ ላይ ያለ ሰው አያየውም። ኦፓሉ የተገኘው ከሜዳው ጠርዝ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሜትር በታች የሆነ ቀጭን ሥር ነው፤ ያው ሥር ግን ገደሉን ተከትሎ ለብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወሬው እንደተሰማ ወጣቱ ዶማ፣ መዶሻና ድጅኖ ይዞ ወረደ። እርሻ የሌለው ሄደ፤ እርሻ ያለውም በጋውን ሄደ። ደላላው ከወገል ጤና፣ ነጋዴው ከደሴና ከአዲስ አበባ፣ ገዢው ከሕንድ ጃይፑር ድረስ መጣ። ጃይፑር ድንጋይ በመቁረጥ የታወቀ ከተማ ነው፤ ዛሬም ብዙው የወሎ ኦፓል ተቆርጦ የሚወለወለው እዚያ ነው።

ድንጋዩ መዘዞን አይመስልም። አብዛኛው ነጭ ነው፤ ጥርት ብሎ ውኃ የመሰለም፣ ብርቱካናማም፣ ጥቂት ቡናማም አለበት። የሚረጨው ቀለም ግን አንዳንዱ ከአውስትራሊያው ጋር ተቀላቅሎ ቢቀመጥ አይለይም ተባለለት። ገዢዎች መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ይሄስ ይሰነጠቅ ይሆን?

ለዚህ መልስ የሰጠው በ2010 እ.ኤ.አ. ጌምስ ኤንድ ጂሞሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ነው። መሪዎቹ የፈረንሳዩ ናንት ዩኒቨርሲቲ ቤንዠማን ሮንዶና ኢማኑኤል ፍሪች ሲሆኑ፣ ከጸሐፊዎቹ መካከል ኢያሱ በቀለ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ አሉበት። ከሙከራቸው አንዱን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ድንጋዮቹን ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጣሏቸው። አልተሰበሩም። ኦፓል ከከበሩ ድንጋዮች ሁሉ እጅግ ስስ ነው እየተባለ ለኖረበት ገበያ ይህ ትልቅ ዜና ነው። አብዛኛው ድንጋይ እንደ መዘዞው አለመሰንጠቁም ተመዘገበለት።

ከዚያ ውስጡን መረመሩ። ኦፓል ማለት ሲሊካና ውኃ ነው፤ ሲሊካው ከአሸዋና ከመስታወት ጋር አንድ ነው። በደላንታው ውስጥ የተገኘው ጥቃቅን ባዕድ ነገር ደግሞ ፒራይት፣ ባሪየምና ማንጋኒዝ ያለበት ኦክሳይድ፣ ጥቂትም ካርቦን ነው። ነጩ ኦፓል ባሪየም በዝቶበት ተገኝቷል። ሰማያዊውን የሚያስረዳ መዳብ ግን የለም። ቀለሙን የሚሰጥ ምንም ዓይነት ማቅለሚያም የለም።

የሰማያዊው ምሥጢር ከዚህ ጥናት በፊት፣ በሌላ አገር ኦፓል ላይ ተፈትቶ ነበር። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሊቃውንቱ የኦፓል ቀለም ከዓይን የተሰወረ ስንጥቅ ወይም ባዶ ቀዳዳ የሚፈጥረው ነው እያሉ ይገምቱ ነበር። ነገሩን የፈታው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ሜልበርን የሚገኘው የአውስትራሊያ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ተመራማሪ ጆን ሳንደርስና ባልደረቦቹ የኦፓልን ገጽ አጉልተው ሲያዩ ያገኙት ስንጥቅ አልነበረም። ድቡልቡል የሲሊካ ፍሬዎች ናቸው፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም በመስመር፣ ገበያ ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን ደርብ በደርብ የተቀመጡ። የአንዱ ፍሬ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ክፍል ከሲሶው አይበልጥም። የብርሃን ሞገድም ከዚህ መጠን ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ነጭ ብርሃን ድርድሩ ውስጥ ሲገባ ከእያንዳንዱ ደርብ እየተመለሰ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ከቀለማቱ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይጠፋል።

ፍሬዎቹ ትንንሽ ከሆኑ የሚበረታው አጭር ሞገድ ያለው ሰማያዊና ሐምራዊ ብቻ ነው። ተለቅ ካሉ ቀዩም ይወጣል፤ ድንጋዩን ዘንበል ሲያደርጉት ቀዩ ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ለዚህ ነው ሰማያዊ ብቻ የሚያሳይ ኦፓል በየገበያው የሚገኘው፣ ቀይ የሚያሳየው ግን ዋጋው ሰማይ የሚነካው። ቀይ ለማሳየት ተለቅ ያለ ፍሬ፣ እሱም ሳይዛነፍ የተደረደረ ያስፈልጋል። የፍሬው መጠን አንድ ዓይነት ካልሆነ ወይም ድርድሩ ከተዘበራረቀ ደግሞ ወተት የመሰለ፣ ምንም የማያሳይ ድንጋይ ይሆናል። ከደላንታ ከሚወጣው ውስጥ እንዲህ ያለውም ሞልቷል፤ ቆፋሪው ተሸክሞ ወጥቶ ይጥለዋል።

ልዩነቱን ለማየት ይህን አስቡ። አዙራይትን ብትወቅጡት ሰማያዊ ዱቄት ይሆናል፤ ሠዓሊው ይወስደዋል። ሰማያዊ የሚያበራውን የደላንታ ኦፓል ብትወቅጡት የሚቀረው ነጭ ዱቄት ነው። ሰማያዊው ከድርድሩ ጋር ይፈርሳል። እንግዲህ ለቀለም ቅብ አይሆንም፤ ለመድኃኒት ነው የሚሉትንም እኔ አላምንም፤ የሚሆነው ለጌጥ ነው፦ ለቀለበት፣ ለአንገት፣ ለጆሮ።

የደላንታው ኦፓል ከአውስትራሊያው የሚለይበት ሌላ ጠባይ አለው፤ እሱንም ላቦራቶሪ ሳይገቡ ማየት ይቻላል። አንድ ደረቅ፣ ነጣ ያለ ድንጋይ ወስዳችሁ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩት። መጀመሪያ ከገጹ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ትወጣለች፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ በመስመር ይከታተላሉ። ውኃው እየገባ አየሩን እያስወጣው ነው። ትንሽ ቆይቶ ጠርዙ መስታወት መምሰል ይጀምራል፤ ነጩ ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ድንጋዩ ብርጭቆው ውስጥ መኖሩ እስኪያጠራጥር ድረስ ይጠራል። ከአንዳንዱ ላይ ቀለሙም አብሮ ይደበዝዛል። ባለቤቱ ደንግጦ ቢያወጣው ወዲያው አይመለስለትም፤ ጥላ ላይ አስቀምጦ መታገሥ አለበት። ሲደርቅ ነጩም ቀለሙም ይመለሳሉ። ጠጥቶ ሲጠግብ ክብደቱ እስከ አንድ አሥረኛ የሚጨምር ድንጋይ ተመዝግቧል።

ምክንያቱ የአሠራሩ ነው። የአውስትራሊያው ኦፓል ፍሬዎች መካከላቸው በሲሊካ የተሞላ ነው። የእሳተ ገሞራው ኦፓል፣ ደላንታም ከዚያ ወገን ነው፣ ፍሬዎቹ ራሳቸው ከጥቃቅን ቅንጣት የተሠሩ ሲሆኑ መካከላቸው ባዶ ቦታ አለ። ባዶ ቦታ ያለበት ነገር ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል። ውኃ ከሆነ ደግ፤ ዘይት፣ ቡና ወይም ሽቶ ከሆነ ግን እድፉ ላይለቅ ይችላል። የደላንታ ኦፓል ቀለበት ያላት ሴት ወጥ ስትሠራ ብታወልቀው ይሻላል።

ይህን ጠባይ ከሁሉ ቀድመው የተጠቀሙበት ነጋዴዎች ናቸው። በክብደት ሲሸጥ ማርጠብ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለመገመት ሒሳብ አያስፈልግም። ማቅለምም መጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. ላቦራቶሪዎች ሐምራዊ የወሎ ኦፓል ቀረበላቸው፤ እንዲህ ያለ ሐምራዊ ከተፈጥሮ ስለማይመጣ መረመሩት፤ ቀለም የጠጣ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በጭስ የጠቆረውም ተለየ፤ ነጩን ድንጋይ በጭስ አጥቁረው የከበረውን ጥቁር ኦፓል ያስመስሉታል። ጥቁር ዳራ ላይ ቀለሙ ስለሚደምቅ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ የደመቀ ሰማያዊ አካል ያለው የወሎ ኦፓል ሲቀርብላችሁ ጠርጥሩ። የተፈጥሮው ሰማያዊ ሲያዞሩት ይሄዳል ይመጣል እንጂ እንደ ተነከረ ጨርቅ በሁሉም በኩል እኩል ሰማያዊ አይሆንም።

ድንጋዩ እንዴት ተፈጠረ የሚለው ጥያቄም ነበር። ብዙ ሰው የገመተው፣ እኔም ብጠየቅ የምለው፣ ከእሳተ ገሞራው የወጣ ፍል ውኃ ነው የሚል ነበር። ቦሪስ ሾቪሬ የተባለ ተመራማሪ ከሮንዶና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳየው ሌላ ነው፤ የደላንታን ኦፓል የወለደው አፈር ነው አለ። አንዱ ፍንዳታ አመዱን አራግፎ ከሄደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ረጅም ጊዜ አለ። በዚያ መካከል ዝናብ ይዘንባል፣ ሣርና ዛፍ ይበቅላል፣ አመዱ ቀስ በቀስ አፈር ይሆናል። አመድ ወደ ሸክላ አፈር ሲለወጥ ሲሊካው ይለቀቅና ከዝናቡ ውኃ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። ሥሩ ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ካለ እዚያ ይቆማል፤ ባዶ ቦታ ሁሉ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ይረጋል። የኦፓሉ ሥር ከሸክላ ንጣፍ በላይ መቀመጡ፣ በድንጋዩ ዙሪያ የዕፅዋት ቅሪት መገኘቱ በዚህ ይፈታል። ከዚያ ቀጣዩ ፍንዳታ መጥቶ ሁሉንም ከደነው። ዛሬ ቆፋሪው በባትሪ ብርሃን የሚፈልገው የ30 ሚሊዮን ዓመት ማሳ ነው፤ ዘር ያልተዘራበት።

ቆፋሪው እዚያ የሚደርስበት መንገድ ሳይነገር የድንጋዩ ታሪክ ሙሉ አይሆንም። ሥሩ ቀጭን ስለሆነ፣ በላዩም በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር አለት ስለተጫነበት፣ ከላይ ገልጦ ማውጣት አይቻልም። ከገደሉ ፊት ወደ ውስጥ መሰርሰር ነው። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተንበርክኮ ወይም በጎን ተኝቶ ነው የሚቆፈረው። ድጋፍ የሚሆን ግንድ በደጋው ላይ ከየት ይምጣ? ዛፍ ያለቀበት አገር ነው። ሸክላው ደግሞ ዝናብ ሲያገኘው ይንሸራተታል። በ2016 ዓ.ም. በጋ ላይ ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ሃያ ያህል ወጣቶችን ውስጥ አስቀርቷል፤ ማሽን ገደሉን ወርዶ ሊደርስላቸው አልቻለም። ጃይፑር የተወለወለ፣ አሜሪካ የተሸጠ ድንጋይ ላይ ይህ አይታይም። ለእኔ ከዋጋው ክርክር ሁሉ የሚቀድመው የዋሻው ድጋፍ ነው፤ ብረትም ሆነ ባሕር ዛፍ ተጭኖ ይምጣ።

ደላንታ ላይ ከተገኘ በኋላ ፍለጋው ወደ ሰሜን ወሎ ዘለቀ። በ2013 እ.ኤ.አ. ጊዳን ወረዳ ውስጥ ስታይሽ ከሚባለው ቦታ ጥቁር ኦፓል ወጣ፤ ይህኛው በጭስ የጠቆረ ሳይሆን ከእናቱ ሆድ ጥቁር ሆኖ የወጣ ነው። ይህ ሲሰማ በለጋምቦም በወሎው ቦረናም ሰው ድንጋይ ማገላበጥ ጀመረ። አገሩ አንድ፣ ደጋው አንድ፣ አለቱ አንድ ሆኖ ሳለ እኛ ለምን አጣን የሚል ጥያቄ አቀስታ ላይ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያነሣዋል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አለቱ ግን አንድ አይደለም።

ከደሴ ወደ አቀስታ ስትመጡ መንገዱ በጉጉፍቱ ያልፋል። ጉጉፍቱ ለአላፊው ብርድ ነው፣ ጭጋግ ነው። ለጂኦሎጂስት ግን የአንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ስም ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከስሜንና ከጎጃሙ ጮቄ ጋር አስተያይቶ ዕድሜውን ለክቷል፤ ጮቄና ጉጉፍቱ የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የፈሰሱ ናቸው። ከደላንታው አመድ ጋር ስምንት ሚሊዮን ዓመት ይራራቃሉ። ጉጉፍቱ ሲፈስ የደላንታ ኦፓል ረግቶ፣ ተከድኖ፣ ተረስቷል። በጉጉፍቱ ዙሪያ ባለው ደጋ ላይ የምንረግጠው ታናሹን ነው፤ ታላቁ ከሥሩ ነው። ስለዚህ ማሳ ላይ የሚገኝ ድንጋይ እያነሡ ማየት ድካም ነው። መታየት ያለበት ወንዝ የቆረጠው ገደል ነው፣ ያውም በተንታ በኩል ወደ በሸሎ የሚወርደው። በሸሎ አገሩን የቆረጠው አለቱ ከተነባበረ በኋላ ስለሆነ የማዶው ድርድር ወዲህም አለ ብሎ መነሣት ይቻላል። የሚፈለገውም ከሁለት ጥቁር ደርብ መካከል የገባ ነጣ ያለ የአመድ አለት፣ ከሥሩ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሸክላ ያለው ነው። ሸክላው ከሌለ ሲሊካው አልቆመም፤ ሲሊካው ካልቆመ ኦፓል የለም።

እስከዚያው ባልጩት ያገኘ ሰው ሁሉ ኦፓል ነው ብሎ ደሴ ድረስ የመኪና እንዳይከፍል፣ ቤቱ የሚያደርገው ቀላል ፈተና አለ። ድንጋዩን ሙሉ ቀን አድርቆ ውኃ ውስጥ ይክተተው። ባልጩት እንደገባ ይወጣል። አረፋ ካወጣና እየጠራ ከሄደ ኦፓል ሊሆን ይችላልና አድርቆ ፀሐይ ላይ ያዙረው። ሲዞር ቦታውን የሚቀያይር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ካላሳየ ገዢ የለውም።